እበት ቀባሪዋ አንጓች

ድሮ ነው፤ ከድሮም በፊት። ጓሳ ጫፍ ላይ ውርጭ ከሰው ቀድሞ ይነሳ በነበረበት ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ፤ ታሪኳ የብርድ ታሪክ ነው።

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች። የእርሻውን መሬት የባሏ ወንድሞች ወሰዱት። ለእሷ የቀራት አንዲት ጎጆ፣ አንዲት ላም፣ አንድ ያረጀ ውሻ፣ ከጎጆዋ ጀርባ ያለችው ጓሮም ናት። ጓሮዋም ጓሮ ከተባለች ነው፤ አራት የበሬ ቆዳ ቢነጠፍባት ትሸፈናለች።

ከአጥሩ ወዲያ የጭቃ ሹሙ የቢተው ቤት ነበር። የቢተው ሚስት ደብሬ ትባላለች። ስለ አንጓች የምናውቀውን ሁሉ ያየችው እሷ ናት። የነገረችንም እሷ ናት፤ ስትነግረን ግን እንደገባው ሰው አልነበረም የነገረችን።

ጓሳ ጫፍ ብርዳም አገር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ውርጩ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ያሳርራል። በእነዚያ ወራት ሰው የጎተራውን ገብስ ይበላል እንጂ አረንጓዴ ነገር አያይም። ዛፍም እንደልብ ስለማይበቅል የሚነደው ኩበት ነው። እበት በእጅ ይጠፈጠፋል፤ ይደርቃል፤ ይነዳል። ለልጅ ሚስት ሲታጭ የልጅቷ እናት የኩበት ክምር ሳይታይ አይታለፍም። ኩበት ማባከን እህል ከመርገጥ አያንስም።

አንጓች ግን እበቷን ቀበረችው።

ነገሩ የጀመረው ከውሻዋ ነው ይላሉ። ውሻው ጎጆ ውስጥ ማደር ትቶ ከበረቱ ደጅ ካለው የእበት ክምር ላይ መተኛት አበዛ። ጠዋት ጠዋት መሬቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ክምሩ ላይ ውርጭ የለም። ከክምሩ ጥግ ደግሞ በኅዳር መጨረሻ አንድ ለምለም ሣር ቆሟል። አንጓች ውሻውን አየች። ሣሩን አየች። እጇን ክምሩ ውስጥ ከታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዶማ አነሳች።

ጓሮዋን እስከ ጉልበቷ ድረስ ቆፈረች። እበቱን ከገለባ ጋር ለውሳ ሞላችው። ከላዩ አፈር መለሰችበት፤ ጎመን ዘራችበት። ከጓሳ ሣር የጎነጎነችውን ክዳን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ታለብሰዋለች፤ ፀሐይ ሲወጣ ትገልጠዋለች። ውሃውን ከምንጭ በእንስራ ታመላልሳለች።

ምንጭ ላይ ሴቶቹ ሳቁባት። አንዷ እበቱን ማን እንደፈታው፣ ቄስ ጠርታ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሌላዋ ለቅሶ ስላልደረሰች ይቅርታ ለመነቻት። ደብሬም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች።

«ተዝካሩን ብቻ እንዳትረሺን፣ አንጓች» አለቻት።

«በጥር ነው፣ እሜቴ» አለች አንጓች፣ እንስራዋን እያዘለች። «ቤታችሁ ድረስ አመጣለሁ።»

ጥር መጣ። ምድሩ ሁሉ ከስሎ፣ ሰው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳለ አንጓች ከቤት ቤት ዞረች። ለሳቀችባት ሴት ሁሉ አንድ አንድ እስር ጎመን ሰጠች። ሌላ ምንም አላለችም፤ «የተዝካሩ ነው» ብቻ። አንዳንዷ ቀቅላ በላች። አንዳንዷ ለፍየል ጣለች። ደብሬ ግን ጎመኑን እንቅብ ውስጥ ከድና አስቀመጠችው። በቀን ሦስቴ እየገለጠች ታየዋለች። አልበላችውም፤ አልጣለችውም። እዚያው ጠወለገ። የስድብ መልስ ነው ወይስ ስጦታ?

ደብሬ ግራ ገባት። ግራ ገብቷት ዝም አለች።

በዓመቱ ደግሞ አንጓች እንዲሁ አደረገች። እበት ቀበረች፤ ጎመን ዘራች፤ ነጭ ሽንኩርትም ጨመረች። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ደብሬ ከበረቷ ስትወጣ ከአንጓች ጓሮ ክዳኑ ተገልጦ አየች። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ተመለከተች። ከአፈሩ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ነፋስ የለም፤ እሳት የለም። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ይወጣል። ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው ይመስላል።

ደብሬ ወደ ቤቷ ገብታ ባሏ ፊት ቆመች። አይታለች፤ ያየችውን ግን ምን ብላ እንደምትጠራው አታውቅም። ቢተው ምን ሆንሽ አላት። እሷም አፏ ያመጣላትን ተናገረች፤ አንጓች ጓሮዋ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ቀብራለች አለች።

ዋሽታ ነበር? ደብሬ እስክታረጅ ድረስ ይህን ጥያቄ ራሷን ትጠይቅ ነበር። እንፋሎቱን በዓይኗ አይታለች። እበት መቀበሩንም ታውቃለች። ግን ያን ጊዜ ሁለቱን አላገናኘቻቸውም። ወይስ ማገናኘት አልፈለገችም? ያ በእንቅብ የጠወለገ ጎመን ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ነበር?

ደብሬ ግራ ገባት። ግራ ገብቷት ተናገረች።

ነገሩ እስከ ማታ ጓሳ ጫፍን ሞላ። በማግስቱ ማለዳ ቢተው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ዶማ አስይዞ መጣ። ቄስ ሞላም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ደብሬ ከኋላ ቆመች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ቢተው የመጣበትን ሲናገር የሚስቱን ስም አላነሳም። በጓሳ ጫፍ ልማድ የወሬ ባለቤት አይጠራም።

«ሰው ይላል» አለ ቢተው። «ሕያው ነገር ቀብራለች ይላል።»

አንጓች ማን ብላ አልጠየቀችም። ዶማ የያዙትን ሰዎች አየች።

«እኔ የቀበርኩትን እኔ አወጣለሁ፤ እናንተ አትልፉ» አለች።

ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። የደረሰ ጎመኗን በራሷ እጅ እየነቀለች ወደ ጎን አኖረች። አፈሩን ገለጠች። እንፋሎቱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ግን ከሥሩ አንድ እፍኝ ዘግና ለቢተው ዘረጋችለት።

«ይያዙት፣ ጌታዬ። ይሞቃል እንጂ አይናከስም።»

ቢተው ያዘው። ወዲያው ጣለው። እጁን በሱሪው ሲጠርግ ቄስ ሞላ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«እበት ነው» አሉ።

ሳቁን ገደሉ አስተጋባው። የጭቃ ሹሙ እጅ ለብዙ ዓመት መሳቂያ ሆነ። ሰዎቹ እየሳቁ ወረዱ፤ አንጓች ነጻ ወጣች። የተገለጠውን ጓሮ ግን መልሶ የከደነ የለም። በማግስቱ ደብሬ በቀዳዳው አየች። የቀረው ጎመን ሁሉ ጠቁሮ ተኝቷል። እሳት የበላው ይመስላል። አንጓች መካከሉ ተቀምጣ የሞተውን ቅጠል አንድ በአንድ ትለቅማለች። አታለቅስም። ደብሬ አጥሩን ያዘች፤ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ስሟን መጥራት አቃታት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንጓች ጎጆ ጭስ አልወጣም። አንድ ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ። ሰው ሞታ ይሆን ይላል፤ ግን ምንጭ ትወርዳለች። እሳት የማትፈልግ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት ይላል። ደብሬ ብቻ በቀዳዳው አየች። አንጓች ለኩበት የሚሆነውን አንድም ሳታስቀር ሁሉን ትቀብረዋለች። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ትጠጣለች። ከላሟ ጎን ትተኛለች። ጓሮዋን ለማሞቅ ጎጆዋን አቀዘቀዘች።

ደብሬ ይህን አይታ ለማንም አልተናገረችም። መናገር በሚገባት ጊዜ ዝም አለች። ዝም ማለት በሚገባት ጊዜ ተናግራ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ ሊታጨድ ሲል በረዶ ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የወረደው፤ ግን ዘለላውን ሁሉ ከጭቃው ጋር ለወሰው። እስከ ኅዳር ጎተራ ሁሉ ባዶ ሆነ። ሰው ወደ ቆላ ዘመዱ ተሰደደ። ቢተውም እህል ፍለጋ በቅሎውን ጭኖ ወረደ፤ ቶሎም አልተመለሰ። ደብሬ ጡት የሚጠባ የመጨረሻ ልጇን ይዛ ቀረች። ሁለት የተወለዱላት ከዚያ በፊት ሞተውባት ነበር። አሁን ጡቷ ደረቀ። ልጁ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱን ተወ። ደብሬን ያስፈራት ማልቀሱን መተዉ ነው።

አንድ ማለዳ ልጁን አዝላ ወደ አጥሩ ሄደች። ልትሰርቅ ነው የሄደችው፤ ይህንንም አልደበቀችንም። በደረቅ እሾህ መካከል እጇን ልታስገባ ስትጎነበስ እግሯ ሥር ለስላሳ ነገር ረገጠች። ጎመን ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ በእሷ በኩል፣ አንድ ረድፍ ጎመን ቆሟል። አፈሩን ነካችው፤ ይሞቃል። አንጓች እበቱን ከአጥሩ በታች አሻግራ ቀብራለች።

ደብሬ ቀና ስትል ከአንጓች ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አንጓች ክዳኑን በእጇ እንደያዘች አንዴ አየቻት። ከዚያ ዞረች፤ ጀርባዋን ሰጠቻት። ደብሬ ቀንጥሳ እስክትጨርስ ድረስ ጀርባዋን እንደሰጠች ቆመች።

ደብሬ የውጭ የውጩን ቅጠል ብቻ ቀነጠሰች፤ ልቡን ተወችው። ቀቅላ በላች፤ መረቁን ጠጣች። በማግስቱም መጣች፤ አንጓች ጀርባዋን ሰጠቻት። ሳምንት ሳይሞላ ጡቷ ወተት ያዘ። አንድ ጠዋት ልጁ ጮኾ አለቀሰ፤ ደብሬም አብራው አለቀሰች። ኋላ ሌሎች ሴቶችም ረድፉን አገኙት። እነሱም የውጩን ብቻ ቀነጠሱ። አንጓች ለሁሉም ጀርባዋን ሰጠች። ረድፉ እስከ የካቲት አላለቀም።

ግን ጀርባ መስጠት ምንድን ነው? ደብሬ ይህን ስታብሰለስል ከረመች። የለማኝን ፊት ላለማየት ነው? እንዳላፍር ነው? ወይስ ጠልታኝ ነው? ጠላት ጎመን ይተክላል? የተናገርኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች? ካላወቀች የበላሁት ስርቆት ነው። ካወቀች ደግሞ ምን እንደሆነ ስሙን አላውቀውም።

ዓመቱ ዞሮ ገብስ ገባ። ቢተውም ተመልሷል። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ደጅ ይወድቃል፤ ታውቁታላችሁ። ደብሬ ድንጋይ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። አንጓች ድንጋይ ምን ያደርግላታል? በረቷ ገባች። ባሏ እያየ፣ የጭቃ ሹም ሚስት፣ እበት በእጇ ዝቃ ቅርጫት ሞላች።

ደብሬ ግራ ገባት። ግራ ገብቷት ተሸከመች።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያት፣ በዋናው መንገድ ዞራ በአንጓች ደጅ ገባች። እበቱ በጀርባዋ ይንጠባጠብ ነበር። ቅርጫቱን ሳታወርድ ተንበረከከች።

«እቴ አንጓች» አለች፤ እንዲህ ብላ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው። «ያን ጊዜ ‹ሰው ይላል› የተባለው ሰው እኔ ነኝ።»

አንጓች መጥታ ቅርጫቱን አወረደችላት። ደብሬ ፊቷን ለማየት ቀና አለች፤ አንጓች ግን የምታየው እበቱን ነው። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ከተተችው። አቆየችው።

«ገና ትኩስ ነው» አለች። «አሁን ከተቀበረ ሥር ያቃጥላል። ሦስት ቀን ይቆይ።»

ደብሬ ወደ ቤቷ ሄደች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ይቅር ብላኝ ነው? አባርራኝ ነው? ስለ እበቱ ነው የተናገረችው ወይስ ስለ እኔ? በሦስተኛው ቀን ሄደች። አንጓች ሁለት ዶማ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። አንዱን ሰጠቻት። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ እስከ ቀትር ቆፈሩ፤ እበቱንም አብረው ቀበሩት። ከዚያ በኋላ በየኅዳሩ እንዲሁ አደረጉ፤ አንጓች እስክትሞት። «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። ደብሬም ሌላ ጊዜ አልጠየቀችም። አርጅታ ልጅ ልጆቿ ሲጠይቋት «እንጃ፤ ጎመኑ ግን በቅሏል» ትል ነበር።

ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ ጓሳ ጫፍ ላይ ከአጥር ውጭ አንድ ረድፍ የሚተከለው። የአንጓች ረድፍ ይባላል። የቸገረው የውጩን ይቀነጥሳል፤ ልቡን ይተዋል፤ ባለቤቱም ጀርባውን ይሰጣል። በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አይሸከምም፤ እበት ይሸከማል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ። የተበደለውም ይቅር አልኩ አይልም። እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ይከትና «ሦስት ቀን ይቆይ» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ደጁ ላይ ሁለት ዶማ መቆሙን ማንም ቀድሞ አያውቅም። ሄዶ ማየት ነው።

እኔ የተሸከምኩትን አወረድኩ። እናንተ ደግሞ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከአጥራችሁ ወዲያ ጭስ መኖሩን እዩ።