ከጉራምባ አፋፍ የወረደው የስለት መኪና

ጉራምባ አፋፍ ላይ አንድ ሾፌር መኪናውን ሳያይ፣ ሳይፈትሽ «በሉ በስሙ እንውረድ» ካለ፣ ከመንገድ ዳር ከቆሙት አንዱ አንዲት አባባል ሳይወረውርበት አይቀርም። እንግዳ ሰው ሰምቶ ይስቃል፤ ቤት ስለምትመታ ቀልድ ትመስለዋለች። የአገሩ ሰው ግን አይስቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ይርዳው የሚባል የጉራምባ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። መርፌው የማያሳምም፣ ጨዋታው የማይጠገብ፣ አገር የሚወደው ሰው ነው። ሚስቱ ሙሉሸዋ ትባላለች። ተጋብተው ብዙ ዓመት ልጅ አጡ። በመጨረሻ ከአፋፉ ግርጌ፣ ቆላው ውስጥ ላለው ሚካኤል ተሳሉ። «ልጅ ከሰጠኸን፣ ዓመት ሲሞላው በኅዳር ንግሥህ ዕለት ይዘነው እንመጣለን፤ ወርቀ ዘቦ ጥላም እናገባልሃለን» አሉ። ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። የምስራች አሏት።

ይርዳው አንዲት አሮጌ ሰማያዊ አውቶሞቢል ነበረችው። ይወዳታል፤ የሚወዳት ግን ከላይ ከላይዋን ነው። ማለዳ ማለዳ እንደ ሙሽራ እያጠበ ይወለውላታል፤ መስታወቷ ላይ የሚካኤልን ሥዕል ሰቅሎላታል፤ ሆዷን ግን ከፍቶ አያይም። የእጅ ፍሬኗ ከተበጠሰ ቆይቷል። ሲያቆማት ጎማዋ ሥር ታኮ የሚያደርገውን ድንጋይ ከኋላ ወንበር ሥር ይዞ ይዞራል። ሰው ሲጠይቀው «ድንጋይ አይበጠስም» ብሎ ይስቃል፤ የጠየቀውም አብሮት ይስቃል።

የምስራች ዓመት ሞልቷት፣ በንግሡ ዋዜማ ጠዋት ሙሉሸዋ ግቢ ስትጠርግ መኪናዋ የቆመችበት መሬት በአንዱ ጎማ በኩል ረጥቦ አየች።

«ይርዳው፣ ይህቺ መኪናህ እንደ ሕፃን ሸናች እኮ!»

ይርዳው ገብቶ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ሄደ። ደጋግሞ ሲረግጠው ነው እንደ ምንም የያዘለት። የመካኒኩ የደባልቄ ጋራዥ ከአጥራቸው ጀርባ ስለነበር ገፍቶ ወሰዳት፤ ሙሉሸዋም ልጇን አዝላ ተከተለችው። ደባልቄ መኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ጋሽ ይርዳው፣ የፍሬን ዘይቷን እያፈሰሰች ነው። የፍሬን ሸራዋም አልቋል። ጎማዎቹን ፈትቼ ሁሉንም ማየት አለብኝ። ዘይቱ ደግሞ እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ቶሎ ቢባል ከነገ ወዲያ።»

«ምን ነካህ ደባልቄ? ነገ እኮ ሚካኤል ነው። ስለት አለብኝ።»

ደባልቄ በሥራው ከማንም ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። የአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቁልፍ ነጥቆ «ሳልጨርስ አልሰጥህም» ያለ ነው። ስለት የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ያ ሁሉ ቁጣው ከላዩ ላይ ወረደ።

«ለስለት ነው እንዴ የሚወርዱት? እንግዲህ ለስለት ከሆነ… ባለቤቱ ሚካኤል ያውቃል» አለና፣ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በዘይቱ ቦታ ሞላላቸው። «ለጊዜው ይይዛል። ብቻ ቀስ ብለው ይሂዱ።»

ፍሬኑም ያዘ። ያዘ ስላችሁ ሜዳ ላይ ነው። የሳሙና ውሃ ያን ጊዜ ዘይት ባልደረሰበት አገር ሁሉ የታወቀ ዘዴ ነበር። ውሃ ግን ሲግል ይፈላል፤ ፍሬን ደግሞ ቁልቁለት ላይ እንደ ምጣድ ነው የሚግለው። ውሃው ከፈላ በኋላ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው እንፋሎት ነው የሚረግጠው። ደባልቄ ይህን አያጣውም። መርፌ ሲቀቅል የሚውለው ይርዳውም ቢሆን ትንሽ ቢያስብ ይደርስበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙሉሸዋ ወደ ይርዳው መጣች።

«በእግር እንውረድ» አለችው። «አገሩ ሁሉ በእግሩ አይደል የሚወርደው?»

«እናቴስ? በዚያ ጉልበቷ?»

«ለእማማ በቅሎ እንለምናለን። ይርዳው፣ አንተ ራስህ ለበሽተኛው ‹ጸበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ› ትለው የለም? ለመኪናዋ ጊዜ ምነው ክኒኑን ተውከው?»

ይርዳው ሳቀ። «ሰውና መኪና አንድ ነው እንዴ? ደግሞስ ሙሉዬ፣ ወደ ቤቱ ስሄድለት መንገድ ላይ ይጥለኛል?»

ለዚህ ምን መልስ አለው? «ይጥልሃል» ብትል ልጅ የሰጣትን መጠራጠር ሊሆንባት ነው። ዝም አለች። ያን ዝምታዋን ዕድሜ ልኳን ረግማዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ይርዳው መኪናዋን በአበባ አስጊጦ ጸበል ረጫት። እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ ከፊት ከጎኑ ተቀመጡ። ሙሉሸዋ ልጇን አቅፋ ከእሳቸው ኋላ ሆነች፤ ጥላው በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተጋደመ። የጉራምባ መንገድ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ በቀኝ ገደል፣ በግራ የተቆረጠ አለት። ይርዳው አፋፉን እንደለቀቀ የጉራምባ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ማርሹን ነቅሎ ዜሮ ላይ ተወው። ሾፌሮቹ «ፎሌ» ይሉታል። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ሞተሯም ታርፋለች ባዮች ናቸው። ታርፋለች! ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቢወርዱ ሞተሩ ራሱ ግማሹን ይይዝላቸው ነበር። ሞተር ሲያርፍ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው በፍሬኑ ላይ ነው፤ የይርዳው ፍሬን ደግሞ ሳሙና ነው።

የመጀመሪያዎቹን ጥምዞች በደህና ዞሩ። ወይዘሮ ዘርፌ የደብሩ ጣሪያ ከሩቅ ሲታያቸው እልል አሉ። ጥቂት ወረድ እንዳሉ ሙሉሸዋን የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ነገር ሸተታት።

«ይርዳው፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከሰል የሚያከስሉ ይሆናሉ» አሉ አማቷ።

«ከሰል አይደለም። ይርዳው፣ አቁም። በእናትህ አቁምና እንመለስ!»

ወይዘሮ ዘርፌ ፊታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። «በአፍሽ ላይ አማትቢ! ስለት ተይዞ እንመለስ ይባላል?»

ይርዳው የሁለቱንም ሰምቷል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ገና እየያዘ ነበር። ዳር ይዞ ቆሞ፣ ያን ድንጋይ ጎማዋ ሥር ወትፎ፣ እስክትቀዘቅዝ ዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጡ ዛሬ የምንነግረው ታሪክ ባልነበረ። እሱ ግን የእናቱን ፊት አየና አለፈ።

በሚቀጥለው ጥምዝ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። አንስቶ ደገመ፤ ወለሉን ነካ። ሙሉሸዋ የማጅራቱ ሥር ሲገተር ከኋላ አየች። ማርሹን ለማስገባት ታገለ፤ መኪናዋ ፍጥነቷ ጨምሯልና ማርሹ እንደ ጥርስ ተፋጭቶ እምቢ አለው። እጁ በደመ ነፍስ ወደ እጅ ፍሬኑ ሄደ፤ ብረቱ ያለ አንዳች ክብደት ወደ ላይ መጣለት።

ከጥምዙ በታች መንገዱን ነጭ ለባሽ ሞልቶታል። ሕፃን የታቀፈች፣ በትር የተመረኮዘ፣ ጧፍ የያዘ፣ ሁሉም ወደ ንግሡ ይወርዳል። ይርዳው ጡሩምባውን ያለ ማቋረጥ ነፋ። በዚያ አገር ደግሞ የስለት መኪና ጡሩምባ እየነፋ መውረዱ የደስታ ልማድ ነው። ሰው ዞር ብሎ አየ፤ በአበባ ያጌጠችውን ሰማያዊ መኪና አየና መንገዱን እንደያዘ እልልታውን አቀለጠው፤ የሚያጨበጭብም ነበር።

«ልጄን እቀፊያት!» አለ ይርዳው። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ራሱ ወገን ጠመዘዘና መኪናዋን አለቱ ላይ አላተማት።

ከዚያ በኋላ አቧራ ነበር። ሙሉሸዋ ግንባሯ ተፈንክቶ፣ ደረቷ ሥር የምስራች ስታለቅስ ሰማች። ወይዘሮ ዘርፌን እጃቸው ተሰብሮ አወጧቸው። ይርዳውን ግን አለቱና መሪው በመካከላቸው ይዘውት ቀሩ፤ ሲደርሱለት ነፍሱ ወጥታለች።

ለእናት ምን ይባላል? ወይዘሮ ዘርፌ አፈር ላይ ተቀምጠው፣ በደህናው እጃቸው ደረታቸውን እየደቁ፣ «እሷ ናት! እሷ ናት ልጄን የበላችው!» እያሉ ጮሁ። «ስለት ይዛ እንመለስ አለች፤ ታቦቱ ሰማት!»

ሕዝቡ መካከል ጉርምርምታ ተነሣ። «እውነት ነው፣ ይህ ታቦት አፍ አይወድም» ይላል አንዱ። «ጥላውስ ቢሆን በንጹሕ እጅ ተይዞ ነው?» ትላለች ሌላዋ። የሙሉሸዋን ደም እየጠረገች የነበረች ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ ራቀች። አንዲት ባልቴት «ሕፃኗን ተቀበሏት፣ ለእሷም እንዳይተርፋት» ብለው ልጇን ከእቅፏ ወሰዱባት። ሙሉሸዋ አልታገለችም። ከሐዘኗ የባሰው ይህ ነበር፤ እሷም ራሷ ማመን ጀምራለች። ባሏን አንደበቷ የገደለው መሰላት፤ ልጇን መልሳ ለመቀበል እጇን መዘርጋት ፈራች።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ክንፈ፣ ወሬው ደርሷቸው ከታች ሽቅብ መጡ። ሬሳው ላይ ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ሙሉሸዋ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምን ሆናችሁ?»

«እኔ ነኝ አለቃ። እንመለስ አልኩት።»

«ለምን አልሽው?»

«ፍሬኑ ሸተተኝ።»

ደባልቄ በእግሩ ወደ ንግሡ ሲወርድ ደርሶ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። አሁን ሰውን እየገፋ መጣና አለቃ እግር ሥር ወደቀ። «አለቃ፣ የሳሙና ውሃ ነው። እኔው ነኝ የሞላሁት። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዋን አላስነካውም ነበር። ለስለት ነው ሲሉኝ…» አለና ሳጉ አላስጨርሰው አለ።

አለቃ ወደ መኪናዋ አዩ። ተነሥተው በተሰበረው በር መቋሚያቸውን አስገብተው ፔዳሉን ጫን አሉት። ያለ አንዳች ትግል ሄዶ ወለሉ ላይ ተኛ።

«ታቦቱ ነው አለቃ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ታቦቱ ነው ልጄን የቀሠፈብኝ! ከሱ በቀር ማን ይችላል?»

አለቃ ክንፈ ሕፃኗን ከባልቴቷ ተቀብለው እናቷ እቅፍ ውስጥ መለሷት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶታል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቁጣ ነበር።

«ዘርፌ፣ አልቅሺ፤ ልጅሽ ነው። እኔም አለቅሳለሁ፤ ስንቷን እናት ከነልጇ አትርፎ ነው የሄደው። ነገር ግን ታቦቱንም አትክሰሺ፣ ይህችንም ምስኪን አታስወግሪ፤ ከሁላችሁ እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ናት» አሉና ወደተሰበሰበው ሕዝብ ዞረው፣ መስቀላቸውን ወደ ደብሩ፣ መቋሚያቸውን ወደ መኪናዋ ዘርግተው፣ «ስሙ እናንተ ሰዎች፤ ስለት ለታቦት፣ ፍሬን ለቁልቁለት!» አሉ።