ጀልባው ምን በልቶ ወፈረ?

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሐይቁ ሞላና የአህያን ውርንጭላ ደሴት ላይ አስቀራት። በበጋ በእግሯ ተሻግራ ሣር ስትግጥ የከረመች ልጅ ናት። ውሃው በየቀኑ ሣሩን እየዋጠ መጣ። እናት ከዚህ ታናፋለች፣ ልጅ ከማዶ ትመልሳለች፤ አንጀት ይበላል።

ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች የጣሉት በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነበር። ጎማው ደህና ነው፤ የወለሉ እንጨት ግን በስብሶ አልቋል። ያለ ወለል ደግሞ አህያ እንዴት ትቆማለች? ሰኮናዋ ጎማውን ይቀደዋል።

በአገሩ ለወለል የሚሆን የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ ያለው ጅብ ብቻ ነበር። ከፈረሰ ሱቅ ጎትቶ አምጥቶ ለዋሻው በር አድርጎታል።

«አያ ጅቦ፣ በሞቴ! ልጄ ልትሰጥምብኝ ነው» አለችው አህያ።

«እሰጥሻለሁ፤ ቆርጬም እገጥምልሻለሁ። ግን አብሬሽ እሻገራለሁ» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«አንተ ደግሞ እዚያ ምን አለህ?»

«ናፍቆት!»

ማንን እንደናፈቀ እናንተም እኔም እናውቃለን። አህያም አውቃለች፤ ግን ምን ምርጫ አላት? ይህን ጊዜ ቀበሮ ብቅ አለች። «እኔም እሄዳለሁ፤ እዚያ የዳክዬ እንቁላል ሞልቷል» አለች። እሷስ ቢያንስ የልቧን ተናገረች።

ጠዋት በብርዱ ጅብ የጀልባውን ውስጥ በሐረግ ለካ፤ ኮምፔርሳቶውንም በጥርሱ እየቆረጠ አስተካከለ። አህያ ጎማውን እንዳይቀደው ጠርዙን በድንጋይ ፈግፍጋ አለሰለሰችው። ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ሊገጥሙት ቢሉ አልገባ አለ።

«ጠዋት ልክ ነበር እኮ!» አለ ጅብ።

ቀበሮ ጀልባውን ዞራ አየችው። «ወፍሯል» አለች።

«ማን?»

«ጀልባው ነዋ!»

ጅብ እያጉረመረመ ዙሪያውን ቆረጠለት። ሲቆርጥ አመሸ። አመሻሹ ላይ ሰሌዳው ሰተት ብሎ ገባ፤ አህያ በደስታ አንድ እግሯን ስታሳርፍበት ግን ተንሸራቶ ወዲያ ሄደ፤ ለጥቂት አፍንጫዋን አልሰበረችም።

«አሁን ደግሞ ከሳ!» አለች ቀበሮ።

ሦስቱም ተያዩ። ጎማ ውስጥ የታመቀ አየር በፀሐይ እንደሚያብጥ፣ በብርድ እንደሚሟሽሽ ማን ነግሯቸው? አህያ «ልጄን የሚያመጣልኝ ይኼ ነው?» ብላ አለቀሰች። ጅብ ግን አንድ ነገር በራለት፤ እሱ ሲበራለት ደግሞ እግዜር ያውጣችሁ።

«ቀትር ላይ ይወፍራል፣ ሲመሽ ይከሳል። ምሳ ይበላል ማለት ነው!»

«ምን በልቶ?» አለች ቀበሮ።

«እሱን ነዋ የደበቀን!»

ከዚያ ወዲያ ውርንጭላም ናፍቆትም ተረሳ። በማግስቱ ጅብ ጀልባው አጠገብ ተጋድሞ ጠበቀ። ፀሐይዋ ስትበረታ ጎማው ቀስ እያለ ተወጠረ።

«ጎረሰ! አያችሁት?»

«እኔ ምንም አላየሁም» አለች አህያ፣ ግራ ገብቷት።

«ሆዱ ውስጥ ነው ያለው!» አለና ጅብ የአየር መግቢያውን ክዳን በጥርሱ መንጭቆ አወጣው። ፉስስስ! የከረመ የዓሣ ሽታ ያለው ነፋስ ፊቱ ላይ ተለቀቀበት። «ዓሣ ነው! ዓሣ!» እያለ ነፋሱን ተስገብግቦ ጎረሰው። ጀልባው ሙሽሽ ብሎ መሬት ላይ ተነጠፈ። አህያ ጮኸች። ከማዶ የመለሰላት ድምፅ ቀጥኗል፤ ውሃው ውርንጭላዋ ሆድ ደርሷል።

ቀበሮ ግን ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነበር። ጎኖቹ ሲሟሽሹ ዙሪያው ሁሉ ክፍት ሆኗል። አህያን ጠቀሰቻትና የሰሌዳውን ጠርዝ ከጎማው ሥር ወሸቁት። ከዚያ ወደ ጅብ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ አታፍርም? ምሳውን በላህበት። መልስለት! ጠግቦ ሲነሳ ጓዳው ድረስ ይመራሃል።»

«ጓዳም አለው?» አለ ጅብ። አፉን ደቀነና ነፋ። ዓይኑ እስኪፈጥ፣ ጎኑ እስኪሰነጠቅ ነፋ። ጎማው እየተወጠረ ሰሌዳውን ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ቀበሮ ክዳኑን መለሰች። አህያ ፈራ ተባ እያለች እግሯን አሳረፈች፤ ንቅንቅ የለም።

«መሬት ነው!» አለች። «ልጄ፣ መጣሁልሽ፣ ልክ እንደ መሬት ነው!»

ቀበሮም አብራት ተሳፈረችና ከሰሌዳው ቁርጥራጭ አንዱን መቅዘፊያ አድርጋ ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋችው። ጅብ «ቆዩኝ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ከየት የመጣ ትንፋሽ! በጀርባው እንደተዘረረ ጀልባው ደሴቱ ሲደርስ፣ ውርንጭላዋ እየተንቀጠቀጠች እናቷ ሆድ ሥር ስትወሸቅ፣ ቀበሮም እንቁላሏን ስትጭን አየ። ከዚያም ጀልባው ከክብደቱ የተነሳ ውሃው ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ እሱ ወደሌለበት ዳርቻ ሲያቀና ተመለከተ።

«ይኸው!» አለ ጅብ፣ ባዶ ሆዱን እያሻሸ። «አሁንም በልቶ መጣ!»

ከዚህ የምንማረው ሌላው የጠገበ በመሰለው ቁጥር የሚንገበገብ ሰው ነጥቆ የሚያገኘው ነፋስ፣ የሚከፍለውም የገዛ ትንፋሹን መሆኑን ነው።