እየነዱ የሚያርፉ ሹፌሮች

አንድ የጭነት መኪኖች ባለቤት ነበሩ፤ ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ ላይ እንዳትፈርዱባቸው ብዬ ነው። ሀብታቸውን ያገኙት ከብረት ንግድ ነው፤ መኪና መንዳት አያውቁም፤ ወደ ወደብ የሚመላለሱ ሃያ ሁለት ከባድ መኪኖች ግን ነበሯቸው።

የጋሽ ዘርጋው ራስ ምታት ነዳጅ ነበር። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የምግብ ፍላጎታቸው ይጠፋል። አንድ ቀን መኪኖቹ ላይ የተገጠመው መከታተያ፣ ጂፒኤስ፣ ያወጣውን ዝርዝር ሲያዩ ክው አሉ። ለካ መኪኖቻቸው ቆመውም ነዳጅ ይጠጣሉ! ወደቡ ሳይደረስ ባለው የተራ መጠበቂያ ሜዳ ላይ፣ ሞተራቸው ሳይጠፋ አምስትና ስድስት ሰዓት ይቆማሉ።

“ቆመው! ቆመው የእኔን ነዳጅ!” ብለው ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ። በማግስቱ የግቢው በር ላይ ደንብ ተለጠፈ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከሠራ፣ የተቃጠለው ነዳጅ ከሹፌሩ አበል ላይ ይቆረጣል።

ሹፌሮቹ አነበቡና ተያዩ። ላጲሶ የሚባል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ የጨበጠ፣ አንድ ቀን እንኳ ጭነት ጎድሎበት የማያውቅ ሹፌር ወደ ፊት ወጣ።

“ጋሼ፣ እዚያ ሜዳ ላይ እኮ...” ብሎ ገና ሊጀምር ሲል ጋሽ ዘርጋው እጃቸውን አነሱ።

“ምክንያት አልፈልግም፣ ላጲሶ። ማጥፋት ነው። ቁልፍ ማዞር ያቅታል?”

በቃ፣ ስብሰባው አለቀ።

ጋሽ ዘርጋው ያንን ሜዳ አይተውት አያውቁም። እኔ ልንገራችሁ። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ዛፍ የሚባል የለበትም። እኩለ ቀን ላይ የመኪናው በር እጅ ይልጣል፤ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ ነው። ሹፌሩ ከንጋት ጀምሮ ነድቶ እዚያ ይደርሳል። ተራው እስኪደርስ ካልተኛ፣ ኋላ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሞተር ካልተነሳ ደግሞ የጋቢናው ማቀዝቀዣ፣ ኤሲ፣ የለም፤ ኤሲ ከሌለ እንቅልፍ የለም። ደንቡ የወጣ ሰሞን አንድ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ቢተኛ፣ ራሱን ስቶ ጓደኞቹ ውሃ እያፈሰሱበት ነው የነቃው። ይህንንም ለጋሽ ዘርጋው የነገራቸው የለም። ማን ይንገራቸው? ምክንያት አልፈልግም ብለዋላ!

ወር ሲሞላ ዝርዝሩ መጣ። ጋሽ ዘርጋው መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ፣ ቆሞ የሠራ ሞተር ዜሮ! ላጲሶ ዜሮ፣ ከላጲሶ በታች ያሉትም ዜሮ። “አያችሁ? ሰው ጠበቅ ሲያደርጉት ይሠራል!” ብለው ለቢሮው ሁሉ ሻይ አዘዙ። ሻዩ ሳይጠጣ የነዳጁ ደረሰኝ ደረሰ። ነዳጁ ቀንሷል ብላችሁ ነው? ጨምሯል! ያውም ካለፈው ወር በአንድ ሦስተኛ ያህል።

ጋሽ ዘርጋው ወረቀቱን አገላበጡት። ሞተሩ ቆሞ አልሠራም፤ ነዳጁ ግን የለም። እንግዲህ ሰው ሰርቆታል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከሁሉ የበለጠ የፈጀው ማን እንደሆነ ሲያዩ ላጲሶ ሆኖ ተገኘ። አስጠሩት።

“ላጲሶ፣ ነዳጁን ለማን ነው የምትሸጠው?”

“ኧረ በፈጠረዎ ጋሼ! አንድ ሊትር ሸጬ አላውቅም።”

“ታዲያ የት ገባ? ጠጣኸው?”

 ላጲሶ እውነቱን ቢናገር ጂፒኤሱን ማታለሉ ይታወቅበታል፤ ዝም ቢል ሌባ ሊባል ነው። ነዳጅ ይሸጣል የተባለ ሹፌር ደግሞ ሌላ ድርጅት እንኳ በሩን አይከፍትለትም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሙ በአንድ ወረቀት ሊጠፋ ሆነ።

“ብነግርዎ አያምኑኝም፣ ጋሼ” አለ በመጨረሻ። “መጥተው በዓይንዎ ይዩ።”

“እመጣለሁ! መቼ እንደምመጣ ግን አልነግርህም። ስትሸጥ ካገኘሁህ ቁልፉን እዚያው ታስረክበኛለህ፤ ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ፖሊስ ጣቢያ ነው።”

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ዘርጋው ለማንም ሳይናገሩ በፒካፕ ወደ ቆላው ወረዱ። ሌባ ሊይዙ ነው የሄዱት። ጄሪካን ይዞ የሚጠብቅ ገዢ እንደሚያገኙ ቅንጣት አልተጠራጠሩም። እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ጋ ሲደርሱ ያዩትን ግን ማመን አቃታቸው።

የእሳቸው መኪኖች፣ አሥራ አንድ የሚሆኑ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው፣ ሜዳው ላይ ይዞራሉ። አንዱ አንዱን ተከትሎ፣ ቀስ ብለው፣ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ይዞራሉ። አቧራው ሰማይ ደርሷል። የሚሄዱበት የለም፤ የሚያወርዱት የለም። ዝም ብለው ይዞራሉ።

ጋሽ ዘርጋው ከሜዳው ዳር በላስቲክ የተሠራች አንዲት ዳስ አይተው ገቡ። አሲያ የምትባል ሻይና ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጥ ሴት ነበረችበት። ውሃ ሰጠቻቸው።

“የኔ እህት፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?”

“እያረፉ ነው፣ አባቴ።”

“እያረፉ? ሰው እየነዳ ያርፋል እንዴ?”

አሲያ ሳቀች። “ምን ያድርጉ ብለው ነው! ከቆሙ ይቀጣሉ፤ ካጠፉ ሙቀቱ ይገድላቸዋል። አንድ ከተማ ያለ ሰውዬ የቆመ መኪና ይቆጥራል አሉ። የሚሄደውን አይቆጥርም። እነሱም ኤሲያቸውን ከፍተው ሲዞሩ ይውላሉ። በተለይ ያ ከፊት ያለው፣ ላጲሶ፣ ደም ግፊት ስላለበት ሙቀት አይችልም፤ ሳያቋርጥ ነው የሚዞረው።”

ጋሽ ዘርጋው ውሃውን አስቀመጡ። “ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?”

“አላውቀውም። እዚህ መጥቶ እንደማያውቅ ግን አውቃለሁ።”

ጋሽ ዘርጋው ነገሩን ላጣራ ቢሉ ጂፒኤሱ መኪኖቹ የዞሩትንም መዝግቦት ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ዝርዝር የሚያነቡት አንዷን መስመር ብቻ ነበር። ነዳጃቸው ከአቧራ ጋር ሲተን በዓይናቸው እያዩ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ቀና ሲሉ የላጲሶ መኪና ከክቡ ወጥታለች። ቀስ ብላ፣ የሰው እርምጃ ያህል፣ ቀጥታ ወደ አሲያ ዳስ ትመጣለች። ጋቢናው ውስጥ ላጲሶ እጁ መሪው ላይ ነው፤ አንገቱ ግን ወደ ደረቱ ወድቋል። ተኝቷል!

“ኡኡ! ውጡ!” ብላ አሲያ ተስፈንጥራ ወጣች። ጋሽ ዘርጋው ግን ወደ መኪናዋ ሮጡ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ፣ በቆዳ ጫማ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ከገዛ መኪናቸው ጎን እየሮጡ በሩን በጡጫ ይደበድባሉ። “ላጲሶ! ላጲሶ! ኧረ ንቃ በእናትህ!”

ላጲሶ ብንን አለ፤ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ዳሱን ልትነካ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ተመስገን! አሲያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ዘርጋው ጎማውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ላጲሶ ወረደና አቧራ የለበሱትን አሠሪውን አየ።

“ጋሼ... መጡ?”

“መጣሁ።”

“አልሸጥኩም፣ ጋሼ።”

“አየሁ፣ ልጄ። ነዳጁን የሚበትነው የእኔ ደንብ ነው። ሌባ ያልኩህን ይቅር በለኝ። ዛሬ ሰው ገድዬ ልመለስ ነበር።”

ላጲሶ አለቀሰ። ሰው ያየኛል ሳይል፣ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ከዚያ እዚያው ቆሞ ለሚስቱ ደወለና “አይዞሽ፣ ስሜ ተመለሰ” አላት። ሌሎቹም መኪናቸውን እያቆሙ መጡ። የአሲያን ሻይ እየጠጡ ጋሽ ዘርጋው ላጲሶን ጠየቁት፦

“ምን ባደርግ ነው የሚሻለው?”

“ጥላ ይሥሩልን። ሰፊ ዳስ፣ ምንጣፍ፣ የውሃ በርሜል። ሰው ጥላ ካገኘ ሞተር ምን ያደርግለታል?”

“ይኼው ብቻ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“መቼ ጠየቁኝ?”

ጋሽ ዘርጋው እውነትህን ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በወሩ ከአሲያ ዳስ ጎን ትልቅ ዳስ ተሠራ። የግቢው በር ላይ የተለጠፈው ደንብ ተቀደደ። ጋሽ ዘርጋው ሹፌሮቹን ሁሉ ሰብስበው፣ ላጲሶን ያለጥፋቱ እንደጠረጠሩት ፊት ለፊት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቹ ሜዳው ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው ሞተር ያጠፋሉ፤ ዳሱ ውስጥ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ነዳጁ ቀነሰ። ለዳሱ የወጣው ያለሥራ ሲዞሩ በአንድ ወር ከፈጁት ነዳጅ ያነሰ ነበር። እፎይ! ሁሉም እፎይ አለ፤ ከሁሉም በላይ ጋሽ ዘርጋው።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ሰውን መቆም ብትከለክሉት ይዞራል፤ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ግን የሚያርፍበትን ማሰብ አለባችሁ። ሸክሙን የማያውቅ ሰው ያወጣው ደንብ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሜዳ ላይ ግን ሐቀኛውን ሰው አታላይ ያደርገዋል። ጋሽ ዘርጋው ዕድለኛ ናቸው፤ አንድ ክንድ ሲቀር ደረሱ። ሁሉም ሰው እንደዚያ አይደርስም።

እስቲ እናንተም ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት አስቡ፦ ለልጃችሁ፣ ለሠራተኛችሁ ወይም ለተማሪያችሁ ካወጣችኋቸው ደንቦች መካከል፣ “አንተስ ምን ትላለህ?” ብላችሁ ጠይቃችሁ ያወጣችሁት የትኛውን ነው?