ከማማ የወረደው ቀስተኛ

አንድ ሰው ነበረ፤ ዋሴ ይባላል። ጠመንጃ ገና ባልደረሰበት ቆላ፣ ወንዝ ዳር ማሽላ እየዘራ ይኖር ነበር። ቀስት መሳብ ከአባቱ ተምሯል። የሚያድነው ግን ለሥጋ ብሎ አልነበረም። የዚያ አገር ሰው የሚያድነው ከርከሮ ነው፤ ከርከሮ ደግሞ አይበላም። የሚታደነው ማሽላውን ስለሚጨርስ ነው።

ደብሪቱ፣ ጥያቄሽን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ። የመንደራችሁ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን ምንጭ ያ ባለጸጋ አጥሮ ዘግቶባችኋል። «የኔታ፣ ፊቱ ቆሜ ልንገረው ወይስ እንደ ሰዉ ሁሉ ከሩቅ በነገር ልጎንትለው?» ነው ያልሽኝ። መልሴ ዋሴ ዘንድ ነው፤ ታግሰሽ ስሚኝ።

ከርከሮ ማሳ ሲገባ እንደ ሌባ ተሸማቅቆ አይገባም፤ እንደ ባለ ርስት ነው። አገዳውን በደረቱ ይጥላል፣ እሸቱን ይቆረጥማል፣ የተረፈውን ረግጦ ይወጣል። በዚያ ላይ ቆዳው ደንዳና ነው። ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል ውሎ ትከሻው ላይ የደረቀው ጭቃ ብቻውን ጋሻ ይሆንለታል።

መንደሩን የሚገዛ ጭቃ ሹም ነበረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ከርከሮ ተከትሎ ጥሻ ውስጥ ገባና ሆዱ ተዘርግፎ በቃሬዛ ወጣ። ጭቃ ሹሙ ያን አይቶ ደነገጠ፤ ሕግም አወጣ። «ከእንግዲህ ማንም ከማማ አይወርድም። የሚነድፍ ሁሉ ከማማው ላይ ሆኖ ከሩቅ ይንደፍ» አለ። ማማ ማለት ገበሬው እህሉን የሚጠብቅበት፣ ማሳው መካከል በቋሚ እንጨቶች ላይ የሚሠራ ቆጥ ነው። ከርከሮ አይወጣበትም።

ከሩቅ ለመንደፍ ቀላል ፍላጻ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንደሩ ወንድ ሁሉ የፍላጻውን ዘንግ ከመቃ ይቆርጥ ጀመር። መቃ ውስጡ ባዶ ነው፤ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይደርሳል። ጫፉን ደግሞ ሰፊ አድርገው፣ ግራና ቀኙን መንጠቆ አስወጥተው ያሠሩታል፤ ሲያዩት ያስፈራል። ፍላጻው ሲያርፍበት ከርከሮው ይጮኻል፣ ይፈናጠራል፣ ወደ ጫካው ይሮጣል። ከየማማው «ነካሁት! ነካሁት!» ይባላል። ሲመሽ ጠላ ይቀዳል፣ ይፎከራል። ሰንበት ብሎ ከርከሮው ይመለሳል።

በፍላጻ የሞተ ከርከሮ አልነበረም ነው የምልሽ። የነበረው የቆሰለ ነው። የቆሰለ ከርከሮ ጠባዩ ይለወጣል፤ የሰው ሽታ ሲደርሰው መሸሹን ይተዋል።

ከነዚህ አንዱ፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ሽማግሌ አውራ፣ የዋሴን ሚስት ትርንጎን ከወንዝ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት። እንስራዋን ጥላ ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። ጭኗን ሰንጥቆት አለፈ። በብዙ መከራ ዳነች፤ ያ እግሯ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፍ አለ።

ዋሴ ቁስሏ እስኪጠግግ ድረስ አጠገቧ እየተቀመጠ ያስብ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አላት፦

«ይህን አውሬ እኛው ነን ያከፋነው። ነካሁት እያልን ስንፎክር የኖርንበት ሁሉ ባንቺ ወጣ።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ፍላጻዬን እለውጣለሁ።»

ጉድጓድ ገብቶ የሞተ ከርከሮ ነበረና ቆዳውን ገፎ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላው ስልቻ ላይ ወጥሮ አሰረው። መጀመሪያ የለመደውን የመቃ ፍላጻ ነደፈበት። ሰፊው ጫፍ ቆዳውን ነክሶ ቀረ፤ መቃው ከአንገቱ ተሰበረ። መቃውን ትቶ በሽመል ሞከረ። ሽመል እንደ መቃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው፣ ይከብዳል። እሱ አልተሰበረም፤ መንጠቆው ግን ቆዳው አፍ ላይ ተሰንቅሮ አላስገባ አለው። ይህኔ ተነሥቶ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ።

«ጠባብ፣ ረዘም ያለ፣ ሁለት ስለት ያለው ሥራልኝ። አንገቱ ላይ ብረት ጨምርበት። መንጠቆ አታድርግለት» አለው።

ቀጥቃጩ ወናፉን አቆመ። «መንጠቆ ከሌለው በምኑ ይይዘዋል?»

«እንዲይዘው አይደለም የምፈልገው። እንዲገባ ነው።»

«ከባድ ይሆናል፤ ሩቅ አይሄድልህም።»

«አውቃለሁ» አለ ዋሴ። አላወቀም ነበር።

ብረቱን በድንጋይ ስሎ፣ በሽመሉ ላይ ተክሎ፣ በበሬ ጅማት ጠፍሮ በሙጫ አጠበቀው። ዘንጉ ከባድ ስለሆነ ትልልቅ የጥንብ አንሳ ላባ አበጀለት። ቆዳው ላይ ሲሞክረው ፍላጻው ቆዳውን ዘልቆ አሸዋው ውስጥ እስከ እኩሌታው ጠለቀ። ዋሴ ደስ ብሎት ማማው ላይ ወጣ። ያ አውራ ከርከሮ ጎህ ሲቀድ መጣ። ዋሴ ቀስቱን እስከ ጆሮው ስቦ ለቀቀ። ፍላጻው ጥቂት በርሮ አፍንጫውን ደፋና ከአውሬው ብዙ ርቆ መሬት ላይ ተተከለ።

ጎረቤቶቹ ሳቁ። በዚያ ሰሞን ዋሴ ባለፈበት ሁሉ «አፈር ያደነው መጣ» ይባል ነበር።

ቤቱ ገብቶ ፍላጻዎቹን በጉልበቱ ሊሰብር ሲል ትርንጎ ያዘችው።

«እነሱ ምን አደረጉህ? አንተ ፍላጻህን ለወጥክ እንጂ መቆሚያህን አልለወጥክም» አለችው።

«መውረድ የተከለከለ ነው።»

«መከልከሉን እኔም ሰምቻለሁ። ግን እኔ ወንዝ የምወርደው በማማ ላይ ሆኜ ነው?»

ዋሴ ፍላጻዎቹን መልሶ አስቀመጠ። ከባድ ፍላጻ ማማ ላይ ሆኖ እንደማይነደፍ ያን ጊዜ ገባው። ከባዱን የመረጠ ሰው ቅርቡንም መርጧል ማለት ነው፤ ቅርቡን ካልፈለገ መቃውን ይዞ ይቀመጥ።

በስውር መውረድ ይችል ነበር። እሱ ግን ሸንጎው እንደተሰበሰበ ገብቶ መካከል ላይ ቆመ። «ነገ ከማማ እወርዳለሁ» አለ።

«ሕግ አለ» አለ ጭቃ ሹሙ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። እወርዳለሁ።»

«ወርደህ ብትሞት ደምህ በማን ላይ ይሆናል?»

«በራሴ ላይ ይሁን። የሚስቴ እግርስ በማን ላይ ነው?»

 ጭቃ ሹሙ ፊቱ ጠቆረ። «ከወረድክ የወንዝ ዳሩን ማሳህን እነጥቅሃለሁ» አለው።

«ይንጠቁኝ። እወርዳለሁ» አለና ወጣ።

በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ዋሴ ማሽላው መካከል ነፋሱን በፊቱ አድርጎ ተንበረከከ። በየማማው ያሉት ወንዶች ሲነጋ አዩት። ጭቃ ሹሙም ከማማው ሆኖ አየው። ብዙ ሳይቆይ አገዳ ሲሰበር ተሰማ፤ አውራው እየቆረጠመ ብቅ አለ። ዋሴ አልተንቀሳቀሰም። አውሬው እየቀረበ መጣ፤ ትንፋሹና ጭቃው ሸተተው። አሁንም አልሳበም፤ ጎኑን እስኪሰጠው ይጠብቅ ነበር።

ይህኔ አንዱ ከማማ ላይ እጁ አላርፍ ብሎት የመቃ ፍላጻ ሰደደ። የአውሬው ጀርባ ላይ አረፈች። ከርከሮው ጮኾ ዞረና ከዋሴ ጋር ፊት ለፊት ተያየ።

ዋሴ ያን ጊዜ ፈራ።  መንደፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የከርከሮ ግንባር የማይበሳ አጥንት ነው። ግንባሩን ከነደፈው እሱም እንደ ሌሎቹ አቁስሎ መቅረቱ ነው፤ ያውም በዚህ ቅርበት። አውሬው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዋሴ አውታሩን ስቦ ያዘ።

«አንተ ሰው፣ ተመለስ!» ብሎ ጭቃ ሹሙ ጮኸ።

አውሬው ድምፁ ወደመጣበት ጭንቅላቱን መለሰ፤ አካሉም ተከተለ። የፊት እግሩ ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ከብብቱ ሥር ያለው ስስ ቦታ ተገለጠ። ዋሴ ለቀቀ።

ከርከሮው አልጮኸም። አገዳውን እየጣሰ ሮጠ፣ የማሳው ዳርቻ ላይ ቆመ፣ ሊያስብ የፈለገ ይመስል ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተንበርክኮ በጎኑ ተኛ። ዋሴ ባለበት ቁጭ አለ።

ወንዶቹ ሁሉ ወረዱ። ቆዳውን ሲገፉት ከስቡ ውስጥ የተሰበሩ የፍላጻ ጫፎች እየወጡ መሬት ላይ ወደቁ። የዛጉም ነበሩ፣ የቅርቦችም ነበሩ። በዚያ አገር እያንዳንዱ ሰው በፍላጻው ብረት ላይ ምልክቱን ያስቀርጻልና ሁሉም የየራሱን ለየ። የተፎከረባቸው ናቸው። የጭቃ ሹሙም ከመካከላቸው ነበረ። አውሬው ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ፣ ስብ አልብሶት፣ እየወፈረ ኖሯል። ማንም አልሳቀም።

ጭቃ ሹሙ የራሱን ብረት በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና ቀና አለ። «ገድለኸዋል። ሕጉንም ሽረሃል» አለ።

«ሽሬያለሁ» አለ ዋሴ። «ሌላ ከመጣም እወርዳለሁ።»

ጭቃ ሹሙ እንደ ቃሉ የወንዝ ዳሩን ማሳ ነጠቀው። ዋሴ ከመንደሩ በላይ ያለውን ድንጋያማ ተረተር ይዞ እንደ አዲስ ድንጋይ መንቀል ጀመረ። ትርንጎ ምርኩዟን ይዛ ወጥታ አየችው። «መሬቱ ክፉ ነው» አለች። «መንገዱ ግን ደኅና ሆኗል። ትናንት ወንዝ ወርጄ ስመጣ አንድም ጊዜ ዞሬ አላየሁም።» ከመንደሩ ወንዶች ጥቂቶቹ አንድ በአንድ ወደ ቀጥቃጩ ሄደው ጠባቡን ብረት አሠሩ። የቀሩት ግን እስኪያረጁ ከማማቸው ሳይወርዱ ኖሩ፤ ፉከራቸውንም አልተዉም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ደብሪቱ።

አጥሩ ከታጠረ ጀምሮ መንደራችሁ ሲነድፍ ነው የከረመው። በሠርግ ቤት ስሙን ሳትጠሩ በዘፈን ወጋችሁት። በለቅሶ ቤት በምሳሌ ጎነተላችሁት። በጎረቤት ጓዳ አማችሁት። ሁሉም መቃ ነው፤ ውስጡ ባዶ፣ የሚሰደደውም ከማማ ላይ ነው። ሰውየው አልሰማም ብለሽ ነው? ሰምቷል። እያንዳንዱ አርፎበታል፤ እሱም ስብ አልብሶ ተሸክሞታል። ይኸው በየሰሞኑ እልኩ እየጨመረ፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣችን ሴት በውሻ እስከማባረር ደረሰ። እናንተ ደግሞ ማታ ማታ ነካነው ትላላችሁ።

መንጠቆ ያለው ፍላጻ ስድብ ነው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን ቆዳ ላይ ይቀራል፣ አያስገባም። ስለዚህ ስታናግሪው ስለ እናቱ ዘር፣ ስለ ሀብቱ አመጣጥ፣ ስለ ሆዱ አታንሺበት። ጠባቡን ያዢ። «ይህ ምንጭ የሁላችን ነው፤ ያንተ አባትም ከእኛ አባቶች ጋር ተሰልፎ ነው ይቀዳ የነበረው፤ አጥሩን አንሣ።» በቃ። ከዚህ የሚከብድ ቃል የለሽም፤ ከዚህ የሚቀጥንም የለሽም። ከባድ ስለሆነ ግን ከሩቅ አይደርስም፤ በአማላጅ አፍ ብትልኪው አፈር ላይ ይወድቃል። ደጁ ድረስ ሄደሽ፣ ሰው እያየሽ፣ አንቺው ትነግሪዋለሽ። በግንባሩ ከመጣብሽ፣ ከተቆጣ፣ አንቺም አብረሽ አትቆጪ፤ ግን አትመለሺ። ቁጣው እስኪያልፍ ቆመሽ ጎኑን ጠብቂ።

እያየሁሽ ነው፤ አንድ ነገር አፍሽ ላይ ደርሷል። «የኔታ፣ እንደ ዋሴ ማሳዬን ቢወስድብኝስ?» ልትዪኝ ነው። ሊወስድብሽ ይችላል። አንቺ የጠየቅሽኝ የትኛው እንደሚገባ ነው፤ እሱን መለስኩልሽ። አያስከፍልሽም ብዬ ግን አልነገርኩሽም።