ነርሷ ያሸገችው ፖስታ

አንድ ስሙ የተጠራ የቆዳ ሐኪም ነበር። ከታካሚው ከራሱ ደም ተዘጋጅቶ ለሚረግፍ ፀጉር ራስ ላይ የሚወጋ አዲስ መርፌ ካገኘ ወዲህ የነባሩን መርፌ ስም መስማት እንኳ ጠላ። ሰው የወደደውን ሲያወድስ ልክ የለውም።

አንድ ቀን ደብሪቱ የምትባል ሹሩባ ሠሪ ያልተለመደ ነገር ይዟት እሱ ዘንድ መጣች። ፀጉሯ እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሆነ ረግፏል። ሐኪሙ የገዛ ሰውነቷ ፀጉሯን እንደ ጠላት ቆጥሮት እንጂ የሚተላለፍ በሽታ እንዳልሆነ ነገራት።

«እሱን ለደንበኞቼ ይንገሩልኝ» አለች። «ይጋባብናል ብለው ሸሽተውኛል፤ እንጀራዬ ሊዘጋ ነው። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል?»

ሐኪሙ አዲሱን መርፌ ሊያዝላት ብዕሩን ሲያነሳ አስቆመችው።

«ዶክተር፣ እኔ ሹሩባ ስሠራ መጀመሪያ መሃሉን እከፍላለሁ። ሁለቱ ጎን ካልተያየ ሥራዬ አይታወቅም። የእኔንም ራስ ይክፈሉት፤ በአንዱ ጎን አዲሱ፣ በሌላው ነባሩ ይግባ። የቱ የት እንደገባ ግን እኔም እርስዎም አንወቅ።»

ሐኪሙ ስቆ ተስማማ፤ ማሸነፉን መች ተጠራጠረና! ነርሷ ብቻዋን ወጋቻት፤ የቱ በየት እንደገባም ጽፋ ፖስታ ውስጥ አሸገችው።

ደብሪቱ በየወሩ እየተመላለሰች ተወጋች። በአራተኛው ወር የቀኙን ጎን ጥቁር ፀጉር ሞላው፤ የግራው ገና ሳስቶ ነበር። ሐኪሙ እሷን አስፈቅዶ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ጠራና ቀኙን እያሳየ «ይኸው የአዲሱ መርፌ ሥራ!» አለ።

ነርሷ ፖስታውን ከፈተች። ደንግጣ ወረቀቱን አጠፈችና «በኋላ ለብቻዎ ቢያዩት» አለችው በሹክሹክታ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ቀኝ ነባሩ፣ ግራ አዲሱ።»

«ተሳስቻለሁ» አለ። «አንድ ራስ ለሁሉ ራስ አይመሰክርም፤ እኔ ግን አንዱንም ሳልጠይቅ ስምል ከርሜአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሁለቱም እነግራችኋለሁ። በሽታው እንደማይተላለፍ ግን በእርግጥ አውቃለሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ከመቀመጫዬ ብነሳለት አይቆጨኝም።

ተራ ከሚጠብቁት መካከል ከደብሪቱ የሸሸች አንዲት ደንበኛ ነበረች። ሻሿን ፈታ ጠጋ አለቻት። «ስህተቱን በሰው ፊት ያነበበ ይሄን አይዋሽም። ቅዳሜ ጠዋት ትሠሪኛለሽ?»

ደብሪቱ አለቀሰች።

የሰው ቃል ሚዛን የሚደፋው «ተሳስቻለሁ» ማለት ከቻለበት ቀን ጀምሮ ነው። የእርስዎ ፖስታ ዛሬ በሰው ፊት ቢከፈት፣ ጮክ ብለው ያነቡታል ወይስ ያጥፉታል?