አያ ጅቦና የእመት ዳለቻ ሸራ

አንድ ጊዜ፣ አራዊቱ ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ ዋንዛ በር በሚባል ጫካ ውስጥ አንድ ወንደላጤ ጅብ ይኖር ነበር። ጎረቤቶቹ አያ ጅቦ ይሉታል። በዚያ ጫካ «ተርፎኛል» የሚባል ግሩፕ ነበር። ቤቱ ውስጥ የማይፈልገው ዕቃ ያለው ፎቶ አንስቶ እዚያ ይለጥፋል፤ የሚያስፈልገው በነጻ ይወስዳል። ሽያጭ የለ፣ ልዋጭ የለ። የግሩፑ አስተዳዳሪ አያ አንበሶ ነው። ሕጉም ሁለት ብቻ ነበር፦ ቀድሞ የጻፈ ያገኛል፤ ያገኘውም ራሱ ከሰጪው ደጅ ሄዶ ያነሳል። «መስጠቱ ይበቃዋል፤ ሰጪ ደግሞ ተሸካሚ አይሆንም» ይል ነበር አያ አንበሶ። ማንም አልተከራከረውም። ከአንበሳ ጋር ማን ይከራከራል?

ታዲያ የኛው አያ ጅቦ ከፊደል ጋር ብዙም አይተዋወቅም። መጻፍ የሚችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም «የኔ» የሚለው ነው። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር የተለጠፈውን ሳያይ «የኔ» ብሎ ይልካል። ጦጣ ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ለጠፈች፤ «የኔ»። ከርከሮ ክዳኑ የጠፋበትን ቴርሞስ ለጠፈ፤ «የኔ»። ሰጎን ልጆቿ ያደጉበትን የሕፃን አልጋ ለጠፈች፤ ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው አያ ጅቦ «የኔ»! ምን ሊያደርግበት ነው? እኔ አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። ሄዶ እየጎተተ ያመጣዋል፣ ጫፉን ይቀምሰዋል፣ ሳይጥመው ሲቀር ዋሻው ውስጥ ይወረውረዋል።

አትፍረዱበት ግን። በልጅነቱ ክፉኛ የተራበ ጅብ ነው። ዛሬ ያላነሳሁት ነገ አይገኝም የሚል ፍርሃት ይዞ ነው ያደገው፤ ከጠገበም በኋላ ፍርሃቱ አልለቀቀውም። «በነጻ» ሲባል ከሰማ አያስችለውም።

ሐምሌ ሊገባ ሲል ጋሽ ዝሆን ወደ ወንዝ ማዶ ሊዛወር ዕቃውን አራገፈ። በዚያው አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ለጠፈ፤ ውሃ የማያሳልፍ፣ ጎጆ የሚያለብስ፣ ገና አዲስ የሚባል። አያ ጅቦ ዓይኑን ሳያሽ «የኔ» አለ። ወዲያው ከሱ ሥር እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች። አያ ጅቦ አላነበበውም። ማንበቡም ይቸግረዋል፤ ረጅም ነገርም አይወድም። ሄዶ ሸራውን ጎትቶ አመጣና ዋሻው ጥግ ሸጎጠው።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ጊዜ አያ ጅቦ አንድ ነገር ገጠመው፤ ወደ ቤቱ መግባት አቃተው። አንገቱን ሲያስገባ ጀሪካን ይገጨዋል፣ በጎኑ ሲሞክር ወንበር ይወጋዋል፣ ወደ ኋላ ዞሮ በቂጡ ቢገፋ ጭራሽ የሕፃኑ አልጋ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ደጁ ላይ ተኛ። ዝናቡ በላዩ ላይ ይወርዳል። ውሃ የማያሳልፈው ሸራ ከውስጥ ደርቆ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ከውጭ ይበሰብሳል። አውጥቼ ልልበሰው የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣለትም። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጅብ ነው!

እንዲህ ኩርምት ብሎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነበር። አያ ጅቦ ድምፅ ይወዳል፤ ማንበብ የለበትማ። ከፈተው።

«የግሩፑ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዳለቻ ነኝ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ወዲያ ያለሁት። የጎጆዬ ክዳን ተቦድሶ ዝናቡ እንዳለ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ውርንጭላዬ ከተወለደ አምስት ቀኑ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል። ዝናብ ሲመጣ ከላዩ ቆሜ በጀርባዬ እከልለዋለሁ። ጀርባዬ ግን ምን ያህል ነው? ሸራም ይሁን ላስቲክ፣ የተረፈው ካለ ስለ ልጄ ብላችሁ።»

ከድምፁ ኋላ «ክህ፣ ክህ» የሚል ቀጭን ሳል ይሰማል።

አያ ጅቦን ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ያዘው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፉ ደግሞ ምራቅ ሞላ። «አይ ምስኪን!» አለ ከልቡ። ትንሽ ቆየና «ውርንጭላ...» ብሎ ከንፈሩን ላሰ። ወዲያው በራሱ አፈረ።

እዚያው ሳለ ቀበሮ በደጁ ሲያልፍ አገኘው። ቀበሮ ፊደል የቆጠረ ነው፤ ሁሉን ያነባል፣ የሌላውንም ስልክ ጭምር።

«ሰማህ አይደል?» አለ ቀበሮ፣ ከአለት ሥር ተጠልሎ። «የዚያን ለታ ጋሽ ዝሆን ሸራ ሲለጥፍ ከሥርህ የጻፈችው እኮ እሷ ናት። ‹እርጉዝ ነኝ፣ ከክረምቱ በፊት ጎጆዬን ላለብስበት እፈልገዋለሁ› ነበር ያለችው። አንተ ቀደምካት።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ!»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። ሸራውን የወሰደው ለምን እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። «እንግዲያው ልስጣት» አለ።

የቀበሮ ዓይን ብልጭ አለ። «ስጣት እንጂ! ማን ከለከለህ? ሕጉን ታውቃለህ መቼም፤ ተቀባይ ራሱ ነው የሚመጣው። እዚህ፣ ደጅህ ድረስ። ብቻዋን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ብዙ አልፈልግም። ጉበቷ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው አፉ እንደገና ሞላ።

«ሸራውስ?» አለ።

«ሸራው ምን ይሆናል? እንዳለ ይቀርልሃል!»

«እኔ እኮ መስጠት ነበር የፈለግሁት።»

«ትሰጣለህ አልኩህ እኮ! አንዴ ትነካዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የኛ ጉዳይ ነው» አለና መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ነጥቆ ጻፈ፦ «እመት ዳለቻ ሆይ፣ ሸራውን ለልጅሽ ሰጥቻለሁ። ነገ ረፋዱ ላይ ደጄ ብቅ በይ። ወንድምሽ አያ ጅቦ።»

ግሩፑ ሞቅ አለ። አንዱ ልብ ላከ፣ አንዱ ጭብጨባ ላከ፣ ጦጣማ አሥራ ሁለት አበባ ደረደረች። «አያ ጅቦ፣ ለካ እንዲህ ደግ ነህ!» ተባለ። አብሬሽ ልሂድ ያላት ግን አንድም አልተገኘም።

ከቆይታ በኋላ የእመት ዳለቻ ድምፅ መጣ። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

«አያ ጅቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እመጣለሁ። አልዋሽህም፣ እፈራሃለሁ። እናቴ ከዘመዶችህ አፍ አልተመለሰችም። ግን የልጄ ሳል እየባሰበት ነው፤ ሌላ ሰጪ እስኪገኝ የምጠብቅበት ቀን የለኝም። ሚዳቋ፣ ጎረቤቴ፣ ይህን ከሰማሽ አደራ። እስከ ቀትር ድረስ ካልተመለስኩ ልጁን አንቺ ውሰጂልኝ። ወተት ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«አላልኩህም?» አለ ቀበሮ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ፤ ቢላ አያስፈልግም፣ ጥርስህን ይዘህ ጠብቀኝ!» ብሎ ሄደ።

አያ ጅቦ አልሳቀም። ድምፁን መልሶ ከፈተው። ደግሞ ከፈተው። ሦስተኛውን ሲሰማ «ወተት ያለሽ አንቺ ነሽ» የሚለው ላይ ስልኩን ከጆሮው አራቀው። የተሰማው ራብ ይሁን ኀዘን መለየት አቃተው። እንዲህ ያለ ስሜት ከዚያ በፊት አያውቅም፤ በጣም ተጨነቀ።

በማግስቱ ቀበሮ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። የሚያየውን ማመን ግን አቃተው። አያ ጅቦ ዋሻውን እየገለበጠ ነው። ጀሪካኑ ይንከባለላል፣ ወንበሩ ይወረወራል፣ ቴርሞሱ ቁልቁለት ይወርዳል። በመጨረሻ ከሥር ሰማያዊው ሸራ ወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ልወስድላት ነው።»

«ተሸክመህ? ሕጉስ?»

«አያ አንበሶ ራሱ ይጠይቀኝ።»

«በዚህ ቀን? ጫካው ሁሉ እያየህ?»

አያ ጅቦ ትንሽ ተንተባተበ። ጅብ በቀን መታየት ያፍራል፤ ይህን ታውቃላችሁ። ቢሆንም ሸራውን ማጠፉን ቀጠለ።

ቀበሮ ዘዴውን ቀየረ። «እሺ፣ ደረስክ እንበል። ውርንጭላውን አየኸው፤ ገና ሳምንት አልሞላውም፣ ሥጋው ቅቤ ነው። ራስህን ታምነዋለህ?»

አያ ጅቦ እጥፉን ተወና ቆመ። «አላምነውም» አለ። መዋሸት አልፈለገም። ራሱን ከማንም በላይ ያውቀዋልና። ረጅም ጊዜ አሰበ። ቀበሮ ጭራውን እያወዛወዘ ጠበቀው፤ የጅብ ሐሳብ የትም እንደማይደርስ እርግጠኛ ነበር። አያ ጅቦ ግን ጎንበስ አለና ሸራውን እስከ ጉሮሮው ድረስ አጭቆ ነከሰው። አፉ ሙሉ ሆነ። ለመናገርም ለመብላትም ቦታ የለውም። እንደዚያው ሆኖ ለቀበሮ አፉን አሳየውና መንገድ ጀመረ።

ያ መንገድ ረጅም ነበር። ዝንጀሮዎች ከዛፍ ላይ «ኧረ ጅብ በቀን! ኧረ ሸራ ጎርሷል!» እያሉ ተንጫጩበት። ከርከሮ ቆሞ አፈጠጠበት። ጆሮው እንደ ጉድ ቢሞቅም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እመት ዳለቻ ከዚያ ትመጣለች፣ እሱ ከዚህ ይሄዳል፤ መሐላቸው ጉልበት የማይሞላ ውሃ አለ። እግሮቿ ተተከሉ። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኙ። ወደ ኋላ ብትል ወደ ልጇ ባዶ እጇን መመለሷ ነው፣ ወደ ፊት ብትል ጅብ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

ነፋሱ ሽታዋን አመጣለት። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፤ ምራቁ በሸራው ላይ ወረደ። «አትፍሪ» ሊላት ፈለገ። ይህን ለማለት ግን አፉን መክፈት አለበት፤ ከተከፈተ በኋላ ለዚያ አፍ ማን ዋስ ይሆናል? ከመንገዱ ወጥቶ ዳር ወዳለው ቁጥቋጦ ሄደና ሸራውን ቅርንጫፍ ላይ ጣለው። አፉ ባዶ ከመሆኑ አንድ ጉማጅ እንጨት አንስቶ ግጥም አድርጎ ነከሰ። ጀርባውን ሰጣትና ወደ መጣበት ሮጠ። አንድ ጊዜም አልዞረም። ቢዞር ኖሮ ምን እንደሚሆን እሱም አያውቅም ነበር።

እመት ዳለቻ ዓይኗን ስትገልጥ የጅብ ጀርባ ዳገቱን ሲወጣ አየች። ውሃውን ተሻገረች፣ ሸራውን በጥርሷ ያዘችና ወደ ልጇ ጋለበች።

ቀበሮ መንገድ ላይ ጠብቆ ነበር። «ሞኝ!» አለው። «ምሳህንም ሸራህንም ባንድ ጧት!» አያ ጅቦ ጉማጁን እንደ ነከሰ አለፈው።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ግማሽ ዕቃው ከውጭ የተበተነለት አያ ጅቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሻው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አያ ጅቦ፣ ዳለቻ ነኝ። ሸራውን ሚዳቋ አግዛኝ ጎጆው ላይ ጣልነው። አንድ ጠብታ አይገባም። ልጄ ጠብቶ ደረቅ ላይ ተኝቷል።» ከድምፁ ኋላ ሳል አይሰማም፤ በረዶው ሸራው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። «ያደረግኸውን አይቻለሁ። አፍህን ለምን በእንጨት እንደ ዘጋኸውም ገብቶኛል። እስክሞት አልረሳልህም። ብቻ አትቀየመኝ፤ ደጅህ አልመጣም። ሌላ ነገር ቢተርፍህም፣ እኔም ቢቸግረኝ፣ መምጣት አልችልም።»

አያ ጅቦ አልተቀየማትም። እንዲያውም እውነቱን ስለነገረችው ደስ አለው፤ ያን ሁሉ ልብና አበባ ከላኩለት ይልቅ እሷ አከበረችው። የድምፁን ምልክት በትልቁ ጣቱ ተጭኖ ሊመልስላት ጀመረ።

«አትምጪ» አላት። «አንቺ የሚያስፈልግሽን ብቻ ንገሪኝ። ማምጣቱን እኔ አመጣዋለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ልግስና «ኑና ውሰዱ» ብሎ ደጅን ከፍቶ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን፣ የቸገረው ሳይፈራና ሳይሳቀቅ የሚቀበልበትን መንገድ ሰጪው ራሱ ሄዶ ማበጀት መሆኑን ነው።