ኩታውን የጣለው አማች

አንድ አማች ነበረ። ትርሲት፣ «የጀርመኖች ‹የእሷ› የሚለው ቃል ድሮ መድረሻው አይለዋወጥም ነበር፤ ዛሬ እንደ ‹የእኔ› ከሚከተለው ስም ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ማን ፈቀደለት? ስህተት አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ስለዚህ አማች ስሚኝ።

ሰውየው ሚስቱን ተከትሎ ወደ ሚስቱ አገር ገባ። በዚያ አገር አማች እንግዳ ነው፤ ሥራ አይነካም፣ ከወንበር አይነሣም። ሌላው ወንድ ለቁፈራ ሲወጣ ቁምጣ፣ ለጭቃ ሲወጣ ቡትቶ፣ ለሠርግ ነጭ ይለብሳል። እሱ ግን የትም ቢሄድ ያንኑ ነጭ ኩታ ለብሶ ይቀመጣል። በስሙ እንኳ የሚጠራው የለም፤ «የእሷ ሰው» ይሉታል። ማክበራቸው ነበር፤ ክብሩ ግን አንገሸገሸው።

የራሱን ጎጆ አቆመ። ክረምቱ ደረሰ፣ ጣሪያው አልተከደነም፣ ሚስቱም የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ደቦ የሚወጣለት ደግሞ ለሰው ደቦ የወጣ ነው። ተቀምጦ የኖረ ሰው ማንን ይጥራ?

አንድ ጠዋት ወንዶቹ ለአንዲት ባልቴት ቤት ጭቃ ይረግጣሉ። አማቹ እንደ ልማዱ ዳር ተቀምጦ ያያል። ድንገት ብድግ አለ፤ ኩታውን ወንበሩ ላይ ጣለ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበና ዘሎ መሐል ገባ!

አማቱ ጮኹ። «ኧረ አማቼን! ኧረ አውጡልኝ፣ ምን ጉድ ነው!»

«ይተዉት እማማ» አለ የደቦው አለቃ። «የኔም ቅድመ አያት በአማችነት ነው የገባው። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?»

አማቹ አዳልጦት በጀርባው ወደቀ። ሳቁ መንደሩን ሞላው፤ እሱም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በማግስቱ ቁምጣ ታጥቆ ለቁፈራ ወጣ። ዝናቡ ሳይጥልም መንደሩ እየዘፈነ መጥቶ ጎጆውን ከደነለት፤ ልጁ በደረቅ ቤት ተወለደች።

አየሽ ትርሲት፣ ያም ቃል እንዲሁ ነው። «ከእሷ ወገን» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም፤ ብዙ ዘመን በእንግድነት ተቀመጠ፣ በኋላ እንደ ቤተኞቹ ይለብስና ይሠራ ጀመር። ፈቃጅ የለውም። ቤተኛ የምትያቸው እነ ‹የእኔ›ም ቢሆኑ ጥንት ‹እኔ› ከሚለው ቤት ወጥተው የመጡ ናቸው። ዛሬም የእሷነቱን አልተወም፤ ሚስቱን የካደ አማች አይደለም። ስህተት ነው ካልሽኝ ግን፣ እንኳን ተሳሳተ!